ፒያኖው ላይ ያለው ማን ነው? ስምና ቀን የሌላቸውን የጃዝ መድረክ ቅጂዎች ስለ መለየት

እ.ኤ.አ. በ1941 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ጄሪ ኒውማን የሸክላ መቅረጫውን ተሸክሞ ሃርለም ወዳለው ሚንተንስ ክበብ ይመላለስ ነበር። ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን በዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞተ፣ ሶሎውን ሳይቆራርጥ ሲጫወት የምንሰማው ይበልጡን በእነዚህ ሸክላዎች ነው። ሸክላዎቹ በኋላ ለገበያ ሲቀርቡ ግን ክርስትና የተነሡት በአሳታሚዎቹ እጅ ነው። «ስዊንግ ቱ ባፕ» የተባለው ቅጂ የካውንት ቤዚ ባንድ ይጫወተው የነበረው «ቶፕሲ» ነው። ዲዚ ጊሌስፒ የሚሰማበት «ኬሩዋክ»ም ስሙን ያገኘው የኒውማን ወዳጅ ከነበረው ደራሲ ነው።

ከርእሱ ይልቅ የሚያከራክረው ፒያኖው ነው። ቴሎኒየስ መንክ የክበቡ ቋሚ ፒያኒስት ስለነበረ፣ ዛሬ ኬኒ ከርሲ እንደ ተጫወታቸው የሚታመኑ ቅጂዎች ጭምር ለእርሱ ሲሰጡ ኖረዋል። ላለው ይጨመርለታል እንዲሉ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ ወደ ታዋቂው ስም ያደላል። የዚህ ጥናት ትልቁ እንቅፋት የማስረጃ እጥረት ሳይሆን የአድማጩ ምኞት ነው እላለሁ፤ መንክን ሊሰማ የተቀመጠ ጆሮ መንክን መስማቱ አይቀርም።

የፋይቭ ስፖት ቅጂ ይህን ያጠናክራል። መንክና ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን በ1957 በዚያ የኒውዮርክ ክበብ ለወራት አብረው ሲጫወቱ የተቀዳው እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ የጃዝ ወዳጅ ሁሉ ይመኘው ነበር። በ1993 ብሉ ኖት የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ፣ የኮልትሬን ባለቤት ናይማ በተራ መቅጃ የቀዳችውን ክር ሲያሳትም የዚያ ዓመት ነው ተብሎ ታመነ። በኋላ ግን ኮልትሬን ሌላውን ሳክስፎኒስት ጆኒ ግሪፊንን ተክቶ የተጫወተበት የመስከረም 11 ቀን 1958 ምሽት መሆኑ ታወቀ። ድራሙ ላይ ያለው ሮይ ሄይንስ ነው፤ በ1957 ከመንክ ጋር የሚታወቀው ድራመር ሻዶ ዊልሰን ሲሆን፣ ሄይንስ ግን በነሐሴ 1958 እዚያው ክበብ ከግሪፊን ጋር ተቀድቷል። ሁሉም ሳክስፎኑን ሲያዳምጥ ቀኑን የሚጠቁመው ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

ከተጫዋቾቹ ሌላ የማንኛውም ክር ፍጥነትም ይመረመራል። በቢ ፍላት የሚጫወቱት ዜማ በቢ ከተሰማ ክሩ ስድስት በመቶ ገደማ ፈጥኗል ማለት ነው፤ ሳክስፎኑ ይቀጥናል፣ አድማጩም ሌላ ሰው ይመስለዋል። ከበስተጀርባ የሚሰማው የኤሌክትሪክ እምምታ እዚህ ላይ ይረዳል፤ በአሜሪካ መስመር በሴኮንድ 60፣ በአውሮፓ 50 ዙር ነው። ፍጥነቱ ሲስተካከል እምምታው 60 ላይ፣ ዜማውም በተለመደው ቁልፉ ላይ ከዋለ ሁለት ምስክሮች ተስማሙ ማለት ነው። እምምታው ግን ክሩን በኋላ ከገለበጠው ማሽን የመጣ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አይበቃም።

ጆሮ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በ2005 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ (ቪኦኤ) ክሮች ወደ ዲጂታል ሲገለበጡ፣ ባለሙያው ላሪ አፕልባም ኮልትሬንን ያወቀው በድምፁ ነው። ነገር ግን ሳጥኑ ላይ የካርኔጊ አዳራሽ ስምና ኅዳር 29 ቀን 1957 የሚለው ቀን ተጽፎ ነበር፤ በዚያ ቀን ኮንሰርት መካሄዱም ከሌላ ምንጭ ይታወቃል። ጆሮው የገመተውን ወረቀቱ አጸናለት። ከፋይቭ ስፖቱ ክር የሚለየውም ይኸው ነው።

ስለዚህ በየቤቱ የሪል ክር ያስቀመጣችሁ፣ የአዲስ አበባ ባንዶችን የቀዳችሁም ብትሆኑ፣ ስታስገለብጡ የአስተዋዋቂውን ንግግርና ጭብጨባውን አታስቆርጡ፤ ሳጥኑንም ከነጽሑፉ ፎቶ አንሡት። ፒያኒስቱን ካላወቃችሁትም «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ።