ማቃለያ

«ተመጣጣኝ የመልሶ ክፍያ ዝግጅት።» ለንደን የምትኖር ዘመዴ የደረሳትን ደብዳቤ ከነአማርኛ ትርጉሙ በቴሌግራም ልካልኝ፣ «ገንዘብ ሊመልሱልኝ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልፈረድኩባትም። «መልሶ ክፍያ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚታየው ከልክ በላይ ለከፈለ ሰው የሚመለስለት ገንዘብ ነው፤ የግብር ሰዎች «ተመላሽ» የሚሉት። «ዝግጅት»ም ቢሆን ሠርግ ነው፣ ምርቃት ነው፣ ቢበዛ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ዘመዴ ግን ባለዕዳ ናት። ደብዳቤው ሊላት የፈለገው፣ ያልከፈልሽው ግብር ተጠራቅሟል፣ ባንድ ጊዜ መክፈል ካቃተሽ ነይና በአቅምሽ ከፋፍለሽ የምትከፍይበትን እንነጋገር ነው።

ሐረጉ እዚያው ለንደን ቢቀር ዝም ባልኩ። አሁን አሁን ግን «የመልሶ ክፍያ ዕቅድ»፣ «የመልሶ ክፍያ አደረጃጀት» የሚሉ ዘመዶቹ እኛም ከተማ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ስሕተቱ የጆሮ ብቻ አይደለም። ብድር ይመለሳል፤ ስለዚህ «የብድር አመላለስ» ብንል ያምራል። ግብርን ግን ከማንም አልተበደርነውምና አንመልሰውም፤ እንገብረዋለን፣ ወይም እንከፍለዋለን። ቃሉ የመጣው ከግዕዙ «ገብረ»፣ አደረገ ወይም ሠራ ከሚለው ነው። ገበሬውም፣ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ይበላው የነበረው ግብርም ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሳለ «መልሶ» የሚል ጓዝ መጨመር ምን ይባላል?

ስለ ነገሩ ራሱ አንባቢ ግማሹን ስለሚያውቀው ብዙ አልልም። እንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1993 ጀምሮ ባለቤትም ይሁን ተከራይ ለሚኖርበት አካባቢ አስተዳደር የሚከፍለው ካውንስል ታክስ አለ። ብዙውን ጊዜ በዐሥር ወር ተከፋፍሎ ይከፈላል። አንዱን ወር የዘለለ ማስታወሻ ይደርሰዋል፤ ማስታወሻውን ችላ ያለ የዓመቱን ቀሪ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ዕቃ ሊይዙ በር የሚያንኳኩ ሰዎች ይመጣሉ። ዕዳው እዚያ ሳይደርስ ቀርቦ ገቢንና ወጪን አሳይቶ መደራደር ይቻላል። ዘመዴ የተጠየቀችው ይህን ነበር።

ትርጉሙ «የምክር ቤት ግብር» ያለውንም እዚሁ እንሸኘው። ምክር ቤት ለእኛ እጅ እየወጣ ሕግ የሚጸድቅበት ነው፤ ግብሩም የተወካዮች አበል ይመስላል። ለሚከፍሉት አበሾች ካውንስል ታክስ ካውንስል ታክስ ነው፣ ተተርጉሞ ሲመጣባቸው ሌላ አዲስ ዕዳ የተጨመረባቸው ነው የሚመስላቸው። የግድ አማርኛ ይሁን ከተባለ «የማዘጋጃ ግብር» ይበቃል።

የግብር ዕዳን ከፋፍሎ ለመክፈል የሚሆን ስም ለእኛስ ምን ያደርግልናል? ወደ አፍንጮ በር እንምጣ። አፍንጮ በር የቀበሌ ቤትና የግል ቤት ባንድ አጥር የሚዋሰኑበት የአራዳ ሰፈር ነው። የቀበሌ ቤት የሐምሌ 1967 ዓ.ም. ልጅ ነው፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጥ ቤቶችን ለቀበሌ ሰጠ። በማግስቱ ዓመት አዋጅ ቁጥር 80/1968 መጣና የግል ቤት ያለው ሰው እስከ ዛሬ «ጣሪያና ግድግዳ» እያለ የሚጠራውን ግብርና የቦታ ኪራዩን ደነገገ። ለዐሥርት ዓመታት ሁለቱም ክፍያ ከኑሮው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነበር። ሰው ቢረሳው እንኳ ባንድ ቀን ሄዶ ያጠራቀመውን ከፍሎ፣ ካርኒውን ኪሱ ከትቶ ይመለስ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ግብሩ የሚሰላበትን የቤቶች ዓመታዊ የኪራይ ግምት ስታሻሽል ግን ቁጥሩ ዘለለ፤ ሙግቱም ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። (በእንግሊዝም ካውንስል ታክስ የሚሰላው አሁንም በአውሮፓውያኑ 1991 የቤት ዋጋ ነው። አሮጌ ግምት የሚወደው የእኛ ማዘጋጃ ብቻ አይደለም።) ግብር ሲተልቅ ውዝፉም ይተልቃል፤ ባንድ ቀን ተከፍሎ የማያልቅ ውዝፍ ደግሞ ስም ያለው መፍትሔ ይፈልጋል።

በዕዳው በኩል ችግር የለብንም፤ «ውዝፍ» አለን። እንዲህ ያለ ቃል በየቋንቋው አይገኝም። ሥራ ይወዘፋል፣ መዝገብ ይወዘፋል፣ የዕድር መዋጮ ይወዘፋል። ሰውም ይወዘፋል፤ እናቶቻችን «ምን ተወዝፈህ ትውላለህ?» ሲሉን እንደዚያ ያለ ዕዳ አድርገው ቈጥረውን ነበር። ቃሉ የቀረውን መጠን ብቻ አይናገርም፣ ተጋድሞ መክበዱንም ይናገራል። ጥያቄው ይህ የተጋደመ ነገር በምን ይነሣል ነው።

ነጋዴው «ኢንስታልመንት» ይላል። አልጣላውም፤ ገበያ የሰጠው ቃል ነው። ግን የሚያገለግለው ፍሪጅ ወይም ቤት ሲገዛ ነው፤ ውዝፍ ላይ ሲወድቅ ዕዳን እንደ አዲስ ዕቃ የገዛነው ያስመስለዋል። የግብር ሰዎች «የጊዜ ክፍያ ስምምነት» ይላሉ። ጨዋ ሐረግ ነው፤ ሆኖም «የጊዜ ክፍያ» ሲባል የሚከፈለው ጊዜው ነው፣ በጊዜ ነው፣ ወይስ ለጊዜው ነው? ሦስቱም ያስኬዳል፤ ቃሉን የሚያስጥለኝም ይኸው ነው። «ቁርጥ» ያምረኝ ነበር፣ ቈርጦ ቈርጦ መክፈል እንዲሉ። ነገር ግን ቁርጥ ግብር የሚባለው አንድ ጊዜ ተወስኖ የማይነቃነቀው ነው፤ የምንሻውን ተቃራኒ ይዞ ቁጭ ብሏል። «የእፎይታ ጊዜ» ጭራሽ የማይከፈልበት የዕረፍት ጊዜ ነው። «ምሕረት» ደግሞ ዕዳው ሲሰረዝ ነው፣ እዚህ ግን ማንም ለማንም ምንም አልማረም።

ብዙ ያስጨነቀኝ «ማቻቻያ» ነው። ሕዝቡ የሚለው ይህን ነው፦ «ከኑሮዬ ጋር እያቻቻልኩ እከፍላለሁ።» አቅምን ማገናዘብ የሚለው የቢሮ ሐረግ በዐሥር ቃል የማይደርስበትን በአንድ ግሥ ይደርሳል። ምን ያደርጋል፣ የሒሳብ ሰዎች ቀድመው ወስደውታል፤ ሊከፈል የሚገባን ከሚሰበሰብ ጋር ማጣፋትን «ማቻቻል» ብለውታል። አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ቃል ለሁለት ሥራ ቢቀጠር የሚጐዳው ባለጉዳዩ ነው።

ስለዚህ «ማቃለያ» እላለሁ። በሙሉ ስሙ «የውዝፍ ማቃለያ ውል»፣ በአፍ «ማቃለያ»። «ትንሽ ዕዳዬን ላቃልል» ማለት አዲስ አይደለም፤ ከሸክሙ ላይ እያነሡ እያነሡ ማቅለልን ይነግረናል። ቅርጹም ቤተኛ ነው። ከአፍንጮ በር ብዙም ሳይርቅ ሰሜን ማዘጋጃ የሚባል ሰፈር አለ፤ ወደ ፒያሳ ሲወርዱም ትልቁ ማዘጋጃ ቤት አለ። «ማዘጋጃ»ን ያወጡልን ሰዎች «ሙኒሲፓሊቴ»ን ሰምተው፣ የራሳቸውን «አዘጋጀ» ይዘው፣ መነሻውን «ማ» አድርገው ጨረሱት። ያኔ ለጆሮ እንግዳ ሆኖ ይሆናል፤ ዛሬ የታክሲ ረዳት ይጮኽበታል። «ማቃለያ»ም በዚያው ቅርጽ የተቀረጸ ነው።

የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ፍርድ ቤት «የቅጣት ማቅለያ» የሚለው አለ፣ አይምታታም ወይ? አይምታታም፤ «ማቅለያ» ዳኛው ባንድ ውሳኔ የሚያቀለው ነው፣ «ማቃለያ» ደግሞ ባለዕዳው ራሱ ወር በወር የሚሠራው። የአንዲት ፊደል ልዩነት ናት፣ ግን አማርኛ «መክበር»ንና «መከበር»ን የሚለየው በዚያችው ነው። ሁለተኛው፣ ሰውን ማቃለል ስድብ አይደለም ወይ? ስድብ ነው። ዕዳን ማቃለል ግን ስድብ ከሆነ ዕዳው ይከሰኝ። ሦስተኛው ጠንከር ይላል፦ የሚሰማው ሰው ቅናሽ የተደረገለት ይመስለዋል። ይህን በቃል ብቻ አላመልጠውም። ለዚህ ነው «ውል» የሚለውን ከሙሉ ስሙ ያልነጠልኩት፤ ውል የገባ ሰው የጐደለለት ሳይሆን ቃል የገባ ነው።

ለእኔ ዋናው ፈተና መስኮቱ ነው። የወረዳ ሠራተኛ ለአንዲት እናት፣ «እማማ፣ ተመጣጣኝ የመልሶ ክፍያ ዝግጅት ማመልከት ይችላሉ» ቢላቸው የሚመልሱት «ልጄ፣ ጮኽ በል» ነው። «እማማ፣ ውዝፍዎ በዝቷል፤ ማቃለያ ይግቡ» ቢላቸው ግን «በወር ስንት ይደርስብኛል?» ይላሉ። ቀጥሎ ከመስኮቱ በስተጀርባ ላለው ወንበር የሚቀረው ይህን መመለስ ብቻ ነው።

ቃሉን ተከትሎ ቤተሰቡ በሙሉ ይመጣል። ማቃለያ ይገባል፣ ማቃለያ ይታደሳል፣ «በማቃለያ ላይ ነኝ» ይባላል። አንዱን ወር ሲዘሉስ? በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ከፋፍሎ እንዲከፍል የተፈቀደለት ሰው አንዱን ክፍያ ካጓደለ የቀረው ዕዳ በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል፤ ፈቃዱም ወለዱን አያቆምም። ለዚያ «የዝግጅት መቋረጥ» የሚል አዲስ ሐረግ ማንም አይድከም። ውል ሲጓደል የምንለውን እንላለን፦ ማቃለያው ፈረሰ።