እንዝርት ለወንድ፣ መወርወሪያ ለሴት

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ስማር የዶርም ጓደኞቼ «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ነጋዴ ነው» እል ነበር። ውሸቴን ነው። አባቴ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ ከመጡት አንዱ ነው። በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ ጋቢ እየሸመነ አሳደገኝ። እናቴ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። የደብተሬም የልብሴም ወጪ ከዚያው ነበር።

ዕፍረቱ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። ሸማኔ፣ አንጥረኛ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ ማለት እንደ ስድብ በሚቆጠርበት አገር ነው ያደግነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ራሱ ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ቀረ። ከሥሩ የነኩት ትምህርት ቤት ያልገቡ አንድ ገበሬ ናቸው።

ዙምራ ኑሩ የተወለዱት ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ ነው። በልጅነታቸው እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውለው፣ ማታ አባታቸው ሲያርፉ እናት ደግሞ ሌላ ሥራ ሲጀምሩ ያዩ ነበር። «ለምን?» ብለው ጠየቁ። መልስ ሳይሆን «ይሄ ልጅ አብዷል» የሚል ወሬ አተረፉ። ከቤት ወጥተው የሚመስላቸውን ሰው ሲፈልጉ ከረሙ። በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ፣ ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት ሰዎች ጋር አውራ አምባን መሠረቱ።

ጎረቤቱ በጥርጣሬ አያቸው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም፣ ሴትና ወንድ እኩል ነው ይላሉ። በደርግ መጨረሻ ዘመን ነፍሳቸውን ለማትረፍ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ደርግ ወድቆ ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌላ ተይዞ ጠበቃቸው። የቀረው ወደ 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። ይሄ ለእርሻ አይበቃም፤ ስለዚህ ኑሯቸውን ሽመና ላይ ጣሉ።

ከተመረቅሁ በኋላ ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ በዚያው ጎራ አልኩ። ወንዱ ጥጥ ይፈትላል፣ ሴቷ መወርወሪያ ትወረውራለች። ለአባቴ ደወልኩለት።

«አባዬ፣ እዚህ ሴቶችም ይሸምናሉ!»

«ወንዶቹስ?»

«ይፈትላሉ።»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ ብሎ «ታዲያ ክሩ ያምራል?» አለኝ።

የዙምራ ሥራ እዚያ ገባኝ። የምኒልክ አዋጅ ሸማኔውን አትስደቡ አለ። ዙምራ ግን ሽመናው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ለወጡ። ሥራ በፆታና በዘር መከፋፈሉ ቀርቶ በችሎታ ሆነ። ሁሉም የሚሠራውን ሥራ ማን ይንቃል?

በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዙምራ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ በእኛም ደጅ ቀርከሃ የሚሠሩ ባለእጆች ሞልተዋል። ለበዓል ዐውደ ርእይ ብቻ ሳይሆን ለማስተማርም ብንጠራቸው ምን ይለናል?

እኔ ደግሞ የድርሻዬን ልጀምር። በዘንድሮው መገናኛችን ራሴን ሳስተዋውቅ «የሸማኔ ልጅ ነኝ» እላለሁ። አሶሳ ቢሞቅም የአባቴን ጋቢ ለብሼ ነው የምመጣው።