በአሶሳ ምድር ቀለም እንዴት ምስክር ሆነ?

በቤኒሻንጉል የቆዳ ቀለም የሰው ማዕረግ መለኪያ የሆነው በባሪያ ንግድና በግብር ምክንያት ነው። ከ1890 ዓ.ም. በፊት የአሶሳን አካባቢ ይገዙ የነበሩት ሼሆች ከሱዳን ነጋዴዎችና ከበርታ እናቶች የተወለዱ፣ ዋጣዊጥ የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። በመልክ ከሚገዙት ሕዝብ ብዙም አይለዩም። የለያቸው ወደ ዓረብ የሚቆጥሩት ሐረግ ነበር፤ እሱን ተመክተው ከበርታው፣ ከጉሙዙ፣ ከማኦውና ከኮሞው ሰው እየነጠቁ ይሸጡ ነበር። የራስ መኰንን ጦር አገሩን ካስገበረ በኋላ ወርቅና ባሪያ ግብር ሆኑ፤ ከሼሆቹ አንዱ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንም አዲስ አበባ ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። ሻጩን ከተሸጠው ይለይ የነበረው የአገሬው ሐረግ ግን በደገኛው ዘንድ ቦታ አላገኘም፤ ሁሉም «ሻንቅላ» በሚል የንቀት ስም ተጠቃለለ።

ሼሁ ራሳቸው ጥቁር ሆነው ሰው ከሸጡ፣ ቀለም ምን አገባው የሚል ይኖራል። ሼሁን ያስከበራቸው ሥልጣንና ወርቅ ነው፤ የአዲስ አበባው ሸጎሌ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። የተሸጠው ሰው ግን ያ መከታ አልነበረውም። የሚከብደው መቃወሚያ ሌላ ነው፦ ደገኛው የሚጠይቀው አጥንት እንጂ መልክ አይደለም፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም ማለትም መልክን መግለጽ ብቻ ነው የሚለው። ግማሹ እውነት ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ ጠቆር ያለ የባላባት ልጅ ሲዳር፣ ቀይ የሆነች የባሪያ ልጅ ትከለከል ነበር። ዘሩን የሚያውቅለት ሰው የሌለው እንግዳ ሲመጣ ግን ስለ አጥንቱ የሚመሰክርበት መልኩ ነው። ከቀዬው ተነጥቆ የተሸጠ ሰው ደግሞ አባቶቹን የሚቆጥርለት ዘመድ አጠገቡ የለም። በደሉ ድርብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ምስክሮቹን የነጠቀው ንግድ መልሶ በቀለሙ አስፈረደበት።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ የ1934ቱ አዋጅም ባርነትን ሻረ። አዋጅ የሚሽረው ግን የተጻፈ መብትን ነው፤ የቀለም ምስክርነት የትም ስላልተጻፈ አብሮ አልተሻረም። በ1894ቱ የድንበር ውል ለሁለት የተከፈለው በርታ ዛሬ በአሶሳ አቅራቢያ ባለው የጾሬ የስደተኞች መጠለያ ከሱዳን ብሉ ናይል የተሰደደ ወገኑን ያስተናግዳል፤ እዚያ የሰው መልክ አገሬውን ከስደተኛ አይለይም። ከአሶሳ አዲስ አበባ የሚመጣ ዜጋ ግን በመልኩ ብቻ የውጭ አገር ሰው ይመስላል ተብሎ አገሩን ይጠየቃል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በቀለም ልዩነት ማድረግ ከተከለከለ በኋላም።