ዶክቶር ዓለመወርቅ በየነ፤ የእንስሳት ሐኪምና ጥቁር አንበሳ

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ክፉ ቀን በአገሩ ላይ ነበር። ከምጥዋ በኩል የገባው የከብት መቅሠፍት አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ በሬ ሲጠፋ እርሻው ቆመ፥ ሰውም በረኃብ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። በዚያ ዘመን ለበሽታው መድኃኒት በአውሮፓም አልነበረም፤ ነገር ግን የታመመውን ከጤነኛው እየለየ መንገድ የሚዘጋ የእንስሳት ሐኪም ቢኖር ኖሮ ብዙ በረት በተረፈ ነበር እንላለን።

እንግሊዝ አገር ሄደው ይህን ሙያ የተማሩት ዶክቶር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው። ዳሩ ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። እሳቸውም በነቀምቴ የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኑ። ዐሥር አንቀጽ ያለው የማኅበሩ ደንብ ጦሩ ለሲቪሉ እንዲታዘዝ፥ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛም እንዳይሠቃይ ያዛል። በዚህ ላይ የሐኪም እጅ ይታየናል፤ ማስረጃ ግን አናቀርብም። በሰኔ ወር ቦናያ ላይ ያረፉት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ተቃጠሉ፥ ጄኔራል ማልዮኮም ተገደለ። ከልዑል ራስ እምሩ ጋር የዘመተው ጦር በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ አካባቢ እጅ ሰጠ።

ስለ ጦርነቱ የሚያወሩ ሁሉ «ዶክቶር» ይሏቸዋል። የምን ዶክቶር እንደ ነበሩ የሚጠይቅ ግን በመካከላችን ጥቂት ነው። ያ መቅሠፍት ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።