የተሸሸገ ሽጉጥ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፦ የአንድ ሕግ መገለባበጥ

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሽጉጥን ሸሽጎ መታጠቅ፣ ማለትም መሣሪያውን በልብስ ሥር ወይም በቦርሳ ውስጥ ከእይታ ሰውሮ መያዝ፣ የዘመናችን ክርክር ቢመስልም ሥሩ ከአንጋፋዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምሥረታ ይጀምራል። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ፣ የቀድሞዎቹ ፕሬዚዳንቶች ቶማስ ጄፈርሰንና ጄምስ ማዲሰን አባል በነበሩበት ጊዜ፣ በ1824 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ደንብ ተማሪዎች አስካሪ መጠጥ፣ ባሩድና ማናቸውንም ዓይነት መሣሪያ በግቢው ውስጥ እንዳይዙ ከልክሏል። ደንቡ ግን በቀላሉ አልተከበረም፤ በ1836 ለወታደራዊ ልምምድ የተደራጁ ተማሪዎች መምህራኑ በመሣሪያ አያያዛቸው ላይ የጣሉትን ገደብ አንቀበልም በማለታቸው ሁከት ተነሣ፤ በ1840 የዚያ ሁከት መታሰቢያ ሲከበር ደግሞ የሕግ መምህሩ ጆን ዴቪስ ጭምብል ያጠለቀን ተማሪ ማንነት ለማወቅ ሲጠጉ በሽጉጥ ተመትተው ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ።

በዚያው ዘመን ከግቢ ውጭ የነበረው ሕግ መሣሪያ ከመያዝ ይልቅ መሣሪያን መሸሸግን ያወግዝ እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813፣ ቨርጂኒያም በ1838 ሸሽጎ መታጠቅን በወንጀል ሲያስቀጡ፣ የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1850 በሰጠው ፍርድ መሣሪያን በግልጽ መያዝ የዜጋ መብት መሆኑን ተቀብሎ፣ መሸሸግን ግን ለድብቅ ጥቃት የሚያመቻች የክህደት ሥራ አድርጎ አይቶታል። ቴክሳስ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት፣ በ1870፣ በትምህርት ቤቶችና ሰዎች ለትምህርት በሚሰበሰቡባቸው ሌሎች ስፍራዎች መሣሪያ መያዝን ከልክላ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተገለበጠ። ፍሎሪዳ በ1987 ያወጣችው ሕግ፣ የተደነገገውን መስፈርት ያሟላ አመልካች ሁሉ ባለሥልጣን በራሱ ውሳኔ ሊነፍገው ሳይችል ሸሽጎ የመታጠቅ ፈቃድ እንዲያገኝ አዘዘ፤ ቴክሳስም በ1995 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ለግቢዎች ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዩታ ነው፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት በ2004 የመንግሥት ተቋማት የራሳቸውን የመሣሪያ ደንብ እንዳያወጡ ሲከለክል፣ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ራሴን የማስተዳደር ሥልጣን አለኝ ብሎ ቢከራከርም በ2006 በግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። በቀጣዩ ዓመት በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች በጥይት ሲገደሉ፣ የታጠቀ ተማሪ ቢኖር ገዳዩን ይገታው ነበር የሚለው መከራከሪያ በተማሪዎች ማኅበራት ዘንድ ጉልበት አገኘ።

ባለፈቃዶች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሽጉጥ ሸሽገው እንዲይዙ የሚፈቅደው የቴክሳስ ሕግ በ2015 ጸድቆ በኦገስት 1 ቀን 2016 ሥራ ላይ ሲውል፣ አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር በኦስቲን ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ሆኖ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሰው ከፈጀበት ዕለት ልክ 50 ዓመት ሞልቶ ነበር። በዚያ ዕለት ነዋሪዎች የአደን ጠመንጃቸውን አምጥተው ወደ ማማው መተኮሳቸው ለሕጉ ደጋፊዎች ማስረጃ ሲሆን፣ ተቃዋሚዎቹ ግን ተኳሹን የገደሉት ማማው ላይ የወጡት ፖሊሶች መሆናቸውን ያስታውሳሉ። አብዛኞቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሕጉ በሰጣቸው አማራጭ ክልከላቸውን አጸኑ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን፣ ከ1813ቱ ሕጎች በተቃራኒ፣ ባለፈቃዱ ሽጉጡን ሲያሳይ ጥፋተኛ፣ ሲሸሽገው ሕጋዊ ሆነ። የጥንቶቹ ሕግ አውጪዎች የፈሩት ሰው ከፊቱ የቆመው ባላጋራ መታጠቁን ሳያውቅ እንዳይጠቃ ነበርና፣ ይህ መገለባበጥ ከሁሉ ይልቅ የሚነካው መማሪያ ክፍሉን ነው። ሦስት የኦስቲን መምህራን፣ በክፍላችን ማን እንደታጠቀ አለማወቃችን አወዛጋቢ ጉዳዮችን በነጻነት እንዳናወያይ ያደርገናል ሲሉ ከሰሱ፤ በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ስጋታቸው ሌሎች ሰዎች ወደፊት ሊፈጽሙት ይችላሉ በሚባል ድርጊት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ለክስ የሚያበቃ ጉዳት አይደለም በማለት የክሳቸውን መዘጋት አጸና።