ቁንጫዎች፣ የሚኖሩባቸው እንስሳትና የሚያስከትሉት የጤና ስጋት

ቁንጫ ክንፍ አልባ፣ በመዝለል የምትንቀሳቀስና ደም በመምጠጥ የምትኖር ነፍሳት ናት። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ዝርያዎች መካከል አራቱ ከሰው ጤና አንጻር ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያዋ የሰው ቁንጫ በመባል የምትታወቀው ስትሆን፣ ከሰው በተጨማሪ በአሳማና በውሻ ላይም ትገኛለች።

ሁለተኛዋ የድመት ቁንጫ ብትባልም በውሾች ላይም በብዛት ትኖራለች። በማዕከላዊ ኦሮሚያ ከውሾችና ከድመቶች በተሰበሰቡ ቁንጫዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ትኩሳት የሚያስከትለው ሪኬትሲያ ፌሊስና የድመት ጭረት በሽታ መንስኤ የሆነው ባርቶኔላ ሄንሴሌ የተባሉት ባክቴሪያዎች መገኘታቸውን አመልክቷል።

ሦስተኛዋ የአይጥ ቁንጫ ናት። ይህች ዝርያ በዓለም ዙሪያ የቸነፈርና በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው የታይፈስ በሽታ ዋነኛ አስተላላፊ መሆኗ ይታወቃል። የታይፈሱ ባክቴሪያ በዋናነት የሚተላለፈው በቁንጫዋ ዓይነ ምድር ሲሆን፣ ሰው የተነከሰበትን ሥፍራ ሲያክ ወደ ሰውነቱ ይገባል። ግርሻና በወረርሽኝ መልክ የሚከሰተው ታይፈስ ግን በሰውነት ቅማል የሚተላለፉ በመሆናቸው የመከላከያ ዘዴያቸው የተለየ ነው።

አራተኛዋ ሙጀሌ ናት። መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1872 በመርከብ አንጎላ ከገባች በኋላ በአፍሪካ ተስፋፍታለች። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት እንስቷ ሙጀሌ የእግር ቆዳ ውስጥ ገብታ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ታብጣለች። ውሻ፣ አሳማ፣ ፍየልና አይጥም ያስጠጓታል። ንጽህናው ባልተጠበቀ መርፌ ወይም እሾህ ማውጣት ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋልጣል።

የቁንጫ እንቁላልና እጭ በአብዛኛው የሚገኙት በእንስሳው ገላ ላይ ሳይሆን በወለል አቧራ፣ በመኝታና በበረት ውስጥ ነው። በመሆኑም ሰውን ብቻ ማከም ወይም እንስሳትን ብቻ መድኃኒት መርጨት ዘላቂ ውጤት አያስገኝም።

በተለይ ቸነፈር በሚያሰጋበት አካባቢ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አይጦች አስቀድመው ከተገደሉ ቁንጫዎቹ የቀዘቀዘውን በድን ትተው ወደ ሰው ይዛመታሉ። ስለሆነም በመጀመሪያ ቁንጫውን፣ ቀጥሎ አይጡን ማጥፋት ይገባል።

ሰውን የሚያክመው ጤና ጽህፈት ቤት፣ እንስሳትን የሚከታተለው የግብርና ጽህፈት ቤትና ቆሻሻ የሚያስወግደው ማዘጋጃ ቤት በአንድ ዕቅድ ሲሠሩ የመከላከሉ ተግባር ውጤታማ ይሆናል።