የወተት ዕቃው ጌጥ፦ ከሚኤሶ የተነሣ የሥነ ጥበብ ጥያቄ

የምሥራቅ ኢትዮጵያዋ ከተማ ሚኤሶ በጽሑፍ የምትነሣው አብዛኛውን ጊዜ በባቡሯ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ በእሷ በኩል አልፏል፤ የአዲሱን ሐዲድ ግንባታ የተከፋፈሉት ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች ድርሻቸው የተገናኘውም እዚያው ነው። የሥነ ጥበብን ምንነት ለሚመረምር ግን ከሐዲዱ ይልቅ የአርብቶ አደር ሴቶች የወተት ዕቃ ይበልጥ ያናግራል።

በሚኤሶ አካባቢ በሚኖሩት በኢቱ ኦሮሞና በኢሳ ሶማሌ ዘንድ የላምና የግመል ወተት ሽያጭ የሴቶች ሥራ ነው። በምሥራቁ አርብቶ አደር አገር የወተት ዕቃ ከዕፅዋት ጭረት ፈሳሽ እስኪይዝ ድረስ ጠብቆ ይሰፋል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፣ መዓዛም ይሰጠዋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጥቅም ነው። በላዩ የሚደረደረው ዛጎልና ከአፉ የሚንጠለጠለው ቆዳ ግን ወተቱን ከምንም አይጠብቅም። ታዲያ ሥራዋን የጨረሰች እጅ ለምን ትቀጥላለች?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የውበት ፍርድን ከጥቅም ፍላጎት ነጻ አድርጎታል። በዚህ ሚዛን ዛጎሉ ከዕቃው ተነጥሎ ይደነቃል፤ ስፌቱ ግን ወደ ሙያ ዝቅ ይላል። ይህን አልቀበልም፤ ያ የጠበቀ ስፌት ከዛጎሉ ያላነሰ ያምራል፣ ውበቱም ወተት ከመያዙ አይለይም። ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ሥነ ጥበብ ስሜትን ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፊያ ነው ሲል ይበልጥ ይቀርበኛል። በእሱ ሐሳብ የጎደለው ግን ዕውቀት ነው፦ የትኛው ጭረት ሲርስ አብጦ ቀዳዳ እንደሚደፍን የምታውቅ ሴት የምታስተላልፈው ስሜትን ብቻ አይደለም።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ሥነ ጥበብ የሚጀምረው አንድ ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ሲደክም ነው፤ ለሙሽራ፣ ለእንግዳ፣ ለልጅ። የተሰፋውን ዕቃ የሚተካው ቢጫው የፕላስቲክ ጄሪካን ርካሽና ቀላል ነው፤ ገበያ ለምትሮጥ ሴት ሸክሙን ስላቃለለላት ልንወቅሳት አንችልም። ነገር ግን እንደ ተሰፋው ዕቃ ጭሱን አይጠጣም፤ የማንንም ድካም አያሳይም።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቅርሶቹን በሰው የሕይወት ዑደት፣ ከልደት እስከ ሞት፣ ማደራጀቱ ትክክለኛ መንገድ ይመስለኛል፤ ዕቃውን ወደ ባለቤቱ ኑሮ ይመልሰዋልና። ከሚኤሶም ሆነ ከአጎራባቿ ከጭሮ ገጠሮች የወተት ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ከቁሳቁሱና ከልኬቱ ጋር ማን እንደ ሰፋችው፣ ለማን እንደ ሰፋችው፣ በምን እንጨት እንደ ታጠነ መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል።